ሦስተኛው ቅጂ

በመንግሥት ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ሁሉ ስም የጎደለው ወረቀት ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። የባለጉዳዩ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ፣ ቀኑና ፊርማው ካልተሟሉ ማመልከቻውን በትሕትና እመልሰው ነበር። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማወደስ አይደለም። ከዚህ በታች ባለው ትዝታ ውስጥ የአንድም ሰው ስም ስለማይገኝ፣ የሚያውቁኝ ሰዎች በእርጅና የመጣ ቸልተኝነት አድርገው እንዳይቆጥሩት ብዬ ነው።

በደርግ ዘመን በቢቸና ከተማ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የባህል ክፍል ሠራተኛ ነበርኩ። ክፍሉ ማለት እኔ፣ አንድ የጽሕፈት መኪና፣ አንድ የብረት ቁም ሳጥንና በየወሩ በአደባባዩ ሰሌዳ ላይ የምለጥፈው የግድግዳ ጋዜጣ ነበርን። ጋዜጣው አራት ዓምዶች ነበሩት፤ አርእስቶቹን በቀይ ቀለም በራሴ እጅ እጽፋቸው ነበር። በገበያ ቀን እህልና ከብት ሊሸጡ የመጡ ገበሬዎች ማንበብ የሚችለውን ሰው ከፊት አቁመው ሲያስነብቡት በመስኮት እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጥር ወር ላይ ከዩኒቨርሲቲ የተጻፈ የትብብር ደብዳቤ የያዘች ሴት ወደ ቢሮዬ ገባች። የእንግሊዝኛ ፕሮፌሰር ነበረች፤ በትከሻዋ ላይ ከባድ ቴፕ ሪከርደር አንጠልጥላለች። በአክብሮት «እርስዎ» እያልኩ ሳነጋግራት እጇን አወዛወዘች።

«ተወኝ እባክህ፤ እኩያሞች ነን። አንቺ በለኝ» አለች። ስለዚህ እዚህም እንደ ፈቀደችልኝ «አንቺ» በምትባልበት አነጋገር እጽፋታለሁ።

የጥናቷ ርእስ በመጀመሪያ ግራ አጋባኝ። ሰውን በቃል የማሳመን ጥበብ፣ ተራው ሕዝብ በየዕለቱ የሚሰማውና የሚያንጎራጉረው ነገር፣ ሴቶች ስለ ራሳቸው የሚናገሩበት መድረክ፤ እነዚህን ሦስቱን በአንድነት ነበር የምታጠናው። ይህ ከእንግሊዝኛ ጋር ምን እንዳገናኘው ጠየቅኋት።

«እንግሊዝኛ መተዳደሪያዬ ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ ሥራዬ ነው።»

ከዚያ ወደ አደባባዩ ወጥታ ጋዜጣዬን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። እኔ ከአጠገቧ እጆቼን ወደ ኋላ አድርጌ ቆሜ ነበር።

«በዚህ ላይ ሴት የጻፈችው የትኛው ነው?»

«ሦስተኛው። የሴቶች ዓምድ ይባላል» አልኳት፤ ኩራት ሳይሰማኝ አልቀረም።

«አይቼዋለሁ። ማን ነው የሚጽፈው?»

«እኔ።»

ሳቋን ለመያዝ ሞክራ አልቻለችም። «"እኛ ሴቶች" ብሎ ነው እኮ የሚጀምረው!»

«አጻጻፉ እንደዚያ ነው» አልኩ።

«በል እንግዲህ፣ እህቴ ልበልህ?»

እኔም ሳቅሁ። ግን ነገሩ ከውስጤ አልወጣም። ስም የሌለው ወረቀት የማልቀበል ሰው፣ በየወሩ የሌላውን ሰው ንግግር ያለ ባለቤቱ ስም እለጥፍ እንደነበር ያን ቀን ነው ያስተዋልኩት።

በሚቀጥሉት ቀናት አሳቧን ቀስ በቀስ አስረዳችኝ። ሴቶች ጋዜጣ አላቸው ትል ነበር፤ ለቅሶ ቤት ነው ጋዜጣቸው። አንዲት ሴት በሌላ ቦታ ብትናገረው የሚያስደበድባትን ነገር በለቅሶ ላይ በግጥም ታወርደዋለች፤ ወንዱም ሹሙም ቆሞ ይሰማታል፤ ያለቅሳልም። «ይህን ያህል ሰው የሚያሳምን ተናጋሪ እኔ ክፍል ውስጥ አላፈራሁም» አለች። ይህን ያህል የተማረች ሴት ስለ ለቅሶ ግጥም እንዲህ ስትል መስማቴ እንደ ጎጃም ልጅነቴ አኮራኝ። ወዲያውም የትውልድ ከተማዬን የሞጣን አልቃሽ አስታወስኩ።

በሞጣ የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ፤ ሁላችንም «እማማ» ነው የምንላቸው። በአካባቢው ሰው ሲሞት ሙሾውን የሚያወርዱት እሳቸው ናቸው፤ ሌሎቹ ሴቶች ይቀበላሉ። እሳቸው ካልጀመሩ ማንም አይጀምርም፤ ይህ ሥርዓት ነበር። እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ላይ ሆኜ መልእክቱ የደረሰኝ ዘግይቶ ስለነበር፣ ሞጣ የገባሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። «እማማ ላንተ እናት ያወረዱላትን ብትሰማ!» ይሉኝ ነበር፤ ቃሉን ግን የሚደግምልኝ አልተገኘም።

በአውቶቡስ በደብረ ወርቅ በኩል አድርገን ሞጣ ገባን። የእማማ ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ነበር። በረንዳው ላይ አንድያ ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊው፣ መኪናውን በእግሩ እየረገጠ የሰው ሱሪ ይሰፋል። ሃያዎቹን የጀመረ፣ ሳቂታ ወጣት ነበር። እማማ የመጣንበትን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ።

«የማን ለቅሶ ነው?»

«የማንም አይደለም እማማ። ለጥናት ነው።»

«ሬሳ ሳይኖር ሙሾ ላውርድ? ምን ነካህ ልጄ? ሞትን በደጄ ልጥራው?»

መምህርቷ አልተከራከረችም። «እውነትዎን ነው እማማ፤ ባለማወቄ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብላ የማይክሮፎኑን ገመድ መጠቅለል ጀመረች። ነገሩ በዚያ ቢያልቅ ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። የተናገርኩት እኔ ነኝ።

«የእናቴንስ?» አልኩ። «እኔ አልደረስኩም። ሁሉም ሰምቶታል፤ ያልሰማሁት እኔ ልጇ ብቻ ነኝ።»

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «እውነትህን ነው፤ አንተ አላለቀስክም» አሉ። ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚለበሰው አገላብጠው ለበሱና ጀመሩ።

የእናቴን ሙሾ እዚህ አልጽፈውም፤ የእኔ ነው። ይህን ብቻ ልበል፦ ቢቸና ለሥራ ስሄድ ያደረግሁትን ጫማ እናቴ የገዛችው የአንገት ጌጧን ሸጣ እንደነበር ያን ዕለት በግጥም ውስጥ ሰማሁ። ከሞጣ ሰው ሁሉ ይህን የማላውቀው እኔ ነበርኩ። መምህርቷ ለቅሶ ቤትን ጋዜጣ ማለቷ እውነት ነበር።

እማማ አንዴ ከተከፈቱ በኋላ አልቆሙም። የጎረቤታቸው ልጅ ከገበያ ታፍሶ ወደ ጦር ግንባር ተወስዶ ነበር፤ ሞቶ መርዶው በመጣ ጊዜ ያወረዱትን ደገሙት፦

ለጨው ልኬው ነበር ቅዳሜ ገበያ፣
የልጄ የት ይሆን የዛሬ ማደሪያ?

በረንዳው ላይ የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ። ልጃቸው በበሩ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሳቀ።

«እማ፣ ለእኔስ የትኛውን ነው ያዘጋጀሽው? አሁኑኑ አሰሚኝ እንጂ! ያኔ እንደሆን አልሰማሽም።»

«አንተ ጅል! አፍህን ያዝ!» አሉና አጠገባቸው የነበረውን የአክርማ ስፌት ወረወሩበት። እሱ ጎንበስ ብሎ አመለጠና እየሳቀ ወደ መኪናው ተመለሰ። ቴፑ ይዞር ነበር፤ ሳቁም፣ የስፌቱ መውደቅም፣ የመኪናው ድምፅ እንደገና መጀመሩም ተቀዳ።

ቢቸና ተመልሰን ሙሾዎቹን ከካሴቱ እየሰማሁ በጽሕፈት መኪናዬ ገለበጥኋቸው። በካርቦን ሦስት ቅጂ አደረግሁ፦ አንደኛው ለእሷ፣ ሁለተኛው ለዩኒቨርሲቲው፣ ሦስተኛው እንደ ደንቡ ለፋይላችን። በየገጹ አናት ላይ የእማማን ስም እስከ አያት፣ ቀበሌያቸውንና የቤት ቁጥራቸውን ጻፍኩ። መምህርቷ ይህን ስታይ ደነገጠች።

«ስሙን አውጣው። "አንዲት የሞጣ እናት" በል፤ ይበቃል።»

«ማን ነው የጻፈው ብለሽ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ» አልኳት። «ሴት የተናገረችውን ያለ ስሟ መለጠፍ ነውር መሆኑን ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ደግሞ ስሟን ሰርዝ ትይኛለሽ?»

ገጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ስም ማስጠራት ማክበር ሊሆን ይችላል፤ ማጋለጥም ሊሆን ይችላል። እኔና አንተ አንወስንም። እሳቸውን ጠይቃቸው።»

ከሁለቱ ቅጂዎች ስሙን በምላጭ ፋቅሁላት። ሦስተኛውን ቅጂ እንዳለ ተውኩት፤ ፋይል ፋይል ነው። ስትሰናበተኝ የካሴቱን ግልባጭ ሰጠችኝ። እማማን ለመጠየቅ ወደ ሞጣ አልሄድኩም። ክብር መስጠት ፈቃድ የሚያስጠይቅ አልመሰለኝም ነበር።

በሚቀጥለው ወር በሴቶች ዓምድ ላይ፣ ምንም ፖለቲካ ከሌለባቸው ሙሾዎች አንዱን፣ ስለ እናትነት የሚናገረውን መርጬ ለጠፍኩ። ከሥሩ የእማማን ሙሉ ስም በቀይ ቀለም ጻፍኩ። በዚያ ሰሌዳ ላይ የደራሲ ስም ሆኖ የተጻፈ የመጀመሪያው የሴት ስም ነበር። በገበያ ቀን ሴቶች ቆመው ሲሰሙ አየሁ፤ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያ ቀን በሥራ ዘመኔ ካሳለፍኳቸው ቀናት ሁሉ ይበልጥ ደስ ያለኝ ነበር።

የመሥሪያ ቤታችን የፖለቲካ ኃላፊም አይተውት ወደ ቢሮዬ መጡ።

«ግሩም ነው ጓድ! እኚህ እናት ሌላ የላቸውም?»

«አላቸው» አልኩና ተነሥቼ ፋይሉን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁ።

የአፈሳው ሙሾ በውስጡ እንዳለ አልዘነጋሁም። ስንት ጊዜ ራሴን እንደ ጠየቅሁ እኔ ነኝ የማውቀው። ያን አንድ ገጽ መሳብ እችል ነበር፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ነበር። ነገር ግን ከተቆጠረና ቁጥር ከተሰጠው ፋይል ገጽ ማውጣት በሕይወቴ አድርጌው የማላውቅ ነገር ስለሆነ እጄ አልታዘዘልኝም። በሁለት እጆቼ አቀረብኩላቸው። ቆመው አነበቡ፤ አንዱን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ከዚያ ወደ አናቱ ተመልሰው ስሙን፣ ቀበሌውንና የቤት ቁጥሩን በደብተራቸው ላይ ገለበጡ። ሁሉም የተሟላ ነበር።

በሳምንቱ እማማ በሞጣ ወደ ቀበሌው አዳራሽ ተጠሩ። እኔም ስለማውቃቸው አብሬ እንድሄድ ታዘዝኩ። ወይ ይታሰራሉ፣ ወይ ከእንግዲህ ሙሾ እንዳያወርዱ የግዴታ ቃል ይፈርማሉ ተባለ። «አንተ ጻፈው፤ አጻጻፍ ታውቃለህ» አሉኝ ሹሞቹ። ያን ዕለት ወደ ቤታቸው እንዲገቡ ብዬ፣ የሚነቀፍ ቀዳዳ እንዳይገኝበት አድርጌ ጻፍኩት፦ በማንኛውም ለቅሶ ላይ፣ በማንኛውም ምክንያት፣ በማንኛውም ጊዜ።

እማማ አውራ ጣታቸውን በቀለሙ ላይ ከማድረጋቸው በፊት ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል ልጄ?»

«ወደ ቤትዎ የሚያስገባዎት ወረቀት ነው» አልኳቸው። «ሙሾው ለጊዜው ይቆይ ነው የሚለው።»

«ለጊዜው?»

«ለጊዜው እማማ።»

ጣታቸውን አኖሩ።

በዚያው ዓመት ልጃቸው ከገበያ ታፈሰ። ክር ሊገዛ ወጥቶ ነው። በእኔ ወረቀት ምክንያት ይሁን ወይም እንደ ሌሎቹ ወጣቶች ሁሉ ዕጣው ደርሶት፣ ያኔም አላወቅሁም፤ ዛሬም አላውቅም። የቤት ቁጥሩ በኃላፊው ደብተር ላይ እንደነበረ ግን አውቃለሁ።

መርዶው በማኅተም በታተመ ደብዳቤ መጣ። ሞጣ ስደርስ ድንኳኑ በሰው ተሞልቶ ነበር። ከዚያ በፊት ሰምቼ የማላውቀው ዓይነት ለቅሶ ቤት ነው፤ ጸጥ ያለ ነበር። እናቶቻቸው፣ ባሎቻቸው፣ ልጆቻቸው በእማማ ቃል የተለቀሰላቸው ሴቶች ዙሪያውን ተቀምጠው የእማማን አፍ ይጠብቃሉ። እሳቸው ሳይጀምሩ መጀመር አልቻሉም። ከድንኳኑ ደጃፍ የቀበሌው ታጣቂ ጠመንጃውን በጉልበቱ መካከል አቁሞ ተቀምጧል። እማማ ነጠላቸውን አገላብጠው ለብሰዋል፤ እጃቸው በጭናቸው ላይ ነው።

ከአጠገባቸው ተንበረከክሁ። ጆሮዬ አጠገብ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ለጊዜው ብለኸኝ ነበር። ጊዜው አለቀ?»

የወረቀቱን ቃል በልቤ አውቀው ነበር። ታጣቂውንም አየሁት። የራሴንም ደሞዝ፣ የራሴንም ልጆች አሰብኩ፤ ይህን አልደብቅም።

«ገና ነው እማማ» አልኩ።

ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ልጃቸው ያለ ሙሾ ተለቀሰለት። ከድንኳኑ ስወጣ አንዲት አሮጊት ለሌላዋ «ሬሳ በሌለበት አስወርደዋቸው ነው እኮ» ስትል ሰማሁ፤ እኔ መሆኔን አላወቀችም።

ከዚያ በኋላ እማማ በማንም ለቅሶ ላይ አፋቸውን አልከፈቱም። ይመጣሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ይሄዳሉ። በሞጣ ለቅሶ ሲኖር ሴቶቹ «ወይኔ፣ ወይኔ» ብቻ እንደሚሉና ግጥም እንደ ጠፋ ሰማሁ።

ከመምህርቷ አንድ ቀን ፖስታ ደረሰኝ፤ የታተመው ጥናቷ ነበር። መዝገበ ቃላት ይዤ ብዙ ቀን ፈጅቼ አነበብኩት። እማማ በውስጡ መምህርቷ እንደ ነገረችኝ «አንዲት የሞጣ እናት» ነበሩ። በመጀመሪያው ገጽ ምስጋና ላይ ደግሞ የእኔ ስም ከነአባቴ ተጽፏል። ከሞጣና ከቢቸና ሰዎች ሁሉ በዚያ ጥናት ላይ ስሙ የታተመው እኔ ብቻ ነኝ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ መስተዋት አስገጥሜ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር። ከቁም ሳጥኑ ሥር አስቀመጥኩት።

ደርግ በወደቀበት ዓመት መሥሪያ ቤቶች ሲዘረፉ ለሦስት ቀን ከመዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። ከእኛ ቢሮ አንድም ፋይል አልጠፋም። በአራተኛው ቀን ግን ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ከፋይል ሁለት ወረቀቶች አወጣሁ፤ ሦስተኛውን ቅጂና ያኔ ከሞጣ ይዤው ተመልሼ ያስገባሁትን የግዴታ ቃል። መንገዱ ሲከፈት ካሴቱንና ከአንድ አስተማሪ የተዋስኩትን ቴፕ ይዤ ሞጣ ሄድኩ።

እማማ በረንዳው ላይ ነበሩ። የስፌት መኪናው በጨርቅ ተሸፍኖ ባለበት ቆሟል።

«እማማ፣ ጊዜው አለቀ» አልኳቸው።

ወረቀቱን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። አነበብኩት፤ ሦስቱንም «ማንኛውም» ሳልዘል። እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ለጊዜው የሚል የለበትም» አሉ።

«የለበትም።»

«አጻጻፍህ ግን ያምራል።» ስድብ አልነበረም፤ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ተቀብለው አጣጠፉትና በስፌት መኪናው መሳቢያ፣ በመርፌዎቹ መካከል አስገቡት። እንዲቀድዱት ነበር የፈለግሁት።

ከዚያ ካሴቱን ከፈትኩ። የራሳቸው ድምፅ መጣ፤ የእናቴ ሙሾ፤ የጎረቤቱ ልጅ ሙሾ። የመኪናው ድምፅ ቆመ። «እማ፣ ለእኔስ የትኛውን ነው ያዘጋጀሽው? አሁኑኑ አሰሚኝ እንጂ! ያኔ እንደሆን አልሰማሽም።» ሳቁ፤ የስፌቱ መውደቅ፤ መኪናው እንደገና።

ቴፑን አጠፋሁት። እማማ ዓይናቸው በተሸፈነው መኪና ላይ ነበር። እጃቸውን ወደ ነጠላቸው ሰደው አገላበጡት፤ ድምፃቸው ከዓመታት ዝምታ በኋላ ሻክሮ ነበር፤ ሲመልሱለት ግን ቃሉ ዝግጁ ነበር፦

የላኩት ደብዳቤ ደረሰኝ ከቢሮ፣
ማኅተም አለበት ልጄ የለም አብሮ።

ደገሙት፤ ሰለሱት። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት ሥራዋን ትታ ቆመች፤ ከዚያም ሌላ። መቀበል የጀመሩት ከዚያው ከቆሙበት ነው።

ሲያበቁ ደብተሬን አውጥቼ እንድጽፈው ጠየቅኋቸው። በዚህ ጊዜ ጠየቅኋቸው።

«ጻፈው።»

«በማን ስም ልጻፍ?»

«በማንም። የእኔንም አትጻፍ፤ የእሱንም፤ ያንተንም። ልጇ የቀረባት ሁሉ የኔ ነው ትበለው።»

እማማ በሚቀጥለው ዓመት አረፉ፤ ስንት ሴት በምን ቃል እንዳለቀሰችላቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። ደብተሩ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። «ጻፈው» ያሉኝ ዕለት ወደ ቢቸና ስመለስ በአውቶቡስ ውስጥ ግጥሙን በንጹሕ ገጽ ላይ ገለበጥኩት፤ ከልማዴም የተነሣ ከሥሩ «ስም» ብዬ ጽፌ ሁለት ነጥብ አደረግሁ። ከሁለቱ ነጥብ ቀጥሎ ያለው ቦታ ባዶ ነው።